ኖዱ ተነሳ፣ ኔትወርኩ ግን አልተነሳም

ሰላም ሰላም! ዘንድሮ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ አንድ አይነት ናቸው ማለት ይቻላል፣ ከርነል (የሊኑክስን አንኳር ማለት ነው) አፕግሬድ አደረግን፣ ሪቡት አልን፣ ከዛ የኮንቴይነር ክላስተሩ፣ ማለትም ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር ታሽገው አብረው የሚያስኬዱት ሰርቨሮች፣ ኔትወርክ ሞተ። ስለዚህ ዛሬ እሱ ላይ ብቻ እንቆያለን፣ ስለ ባክአፕ የጠየቃችሁ ለሚቀጥለው አቆይቼላችኋለሁ፣ እንዳትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድማችን፣ አምድህን ሁሌም አነባለሁ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ስድስት ኖድ (ሰርቨር) ያለው የኩበርኔቲስ፣ ማለትም ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው ሲስተም፣ ክላስተር አለን፣ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ማታ ሶስቱን ኖዶች አፕግሬድ አደረግኳቸው፣ ከርነሉም የዲስትሮው (የሊኑክስ ስርጭቱ) ቨርዥንም አብሮ ከፍ አለ። ሲነሱ ሬዲ ይላሉ፣ ቀይ ነገር የለም፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው እነዛ ሶስቱ ላይ ያሉ ፖዶች (አንድ ላይ የሚሰሩ ኮንቴይነሮች) ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረውን) መጠየቅ አቅቷቸዋል፣ ሌላ ኖድ ላይ ካለ ፖድ ጋርም አይገናኙም፣ የሚገርመው ግን ኖዱ ላይ ራሴ ገብቼ ስሞክር ሁሉም ነገር ይሰራል። ፋየርዎሉን አልነካሁም፣ ከዓመታት በፊት የተጻፈ የሩል ፋይል አለን፣ ቡት ሲያደርግ ራሱ ይጫናል፣ ያ ብቻ ነው። ሩሎቹን ፍላሽ አደረግኳቸው (ጠረግኳቸው)፣ ለውጥ የለም። በድሮው ከርነል አስነሳሁት፣ አሁንም ያው። አይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል ኮማንዱ) ሩሎቹን ሲዘረዝር መጨረሻ ላይ ስለ ሌጋሲ (የድሮው አይነት) ቴብል የሆነ ዋርኒንግ ያወጣል፣ ዋርኒንግ ነው ብዬ አለፍኩት። አዲሱ ከርነል ባግ አለበት እንዴ? (እንቅልፍ ያጣው)

መልስ፦ እንቅልፍ ያጣኸው ወንድሜ፣ መልሱን እኮ ራስህ ጽፈህልኛል፣ ያውም ሁለት ቦታ። አንዱ በድሮው ከርነል ሲነሳም ያው ነው ያልከው ነው፣ ከርነሉ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ድሮው ሲመለስ ችግሩም አብሮ ይሄድ ነበር፣ ስለዚህ ከርነሉን ልቀቀው። ሁለተኛው ያ ያለፍከው ዋርኒንግ ነው፣ ሌጋሲ ቴብሎች አሉ፣ እነሱን ለማየት የሌጋሲውን ኮማንድ ተጠቀም ነው የሚልህ፣ በሌላ አነጋገር ከምታየው ውጪ ሌላ የሩል ደብተር አለ እያለህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይፒቴብልስ በፈረንጆቹ 2001 ከወጣው ከርነል 2.4 ጀምሮ አብሮን አለ። በ2014 ደግሞ ከርነል 3.13 ላይ ኤንኤፍቴብልስ የሚባል አዲስ ስርዓት ገባ። ሁለቱም ከስር ኔትፊልተር (ከርነሉ ውስጥ ፓኬት የሚያጣራው ክፍል) ላይ ነው የሚንጠለጠሉት፣ ሩሎቻቸውን የሚያስቀምጡት ግን ለየብቻ ነው። ከዛ በ2018 አይፒቴብልስ 1.8 ሲወጣ ኮማንዱ ለሁለት ተከፈለ፣ አንዱ በድሮው መንገድ ሩል የሚጽፈው ሌጋሲ፣ ሌላው የድሮውን አጻጻፍ ተቀብሎ ወደ ኤንኤፍቴብልስ ቀይሮ የሚያስገባው። በር ላይ ስታየው ሁለቱም አይፒቴብልስ ነው የሚባሉት፣ ስሙ ያው ሰውዬው ሌላ። ዴቢያን 10 እና ሬድሃት 8 ሁለቱም በ2019 ወደ አዲሱ ዞሩ፣ ኡቡንቱ ደግሞ ከ20.10 ጀምሮ፣ ረጅም ድጋፍ ያለውን ብቻ ለሚጠቀም ሰው እንግዲህ 22.04 ላይ ሲደርስ ነው የሚያጋጥመው። አንተ ቅዳሜ ማታ ከርነል ብቻ የቀየርክ መሰለህ፣ የዲስትሮው ቨርዥን ከፍ ሲል ግን አይፒቴብልስ ሲባል አቤት የሚለው ሰውዬም ተቀየረ።

አሁን ያንተ ኖድ ላይ የሆነውን እንየው። የድሮው የሩል ፋይልህ ውስጥ፣ ሳላየው እገምታለሁ፣ የፎርዋርድ ቼይን ፖሊሲ ድሮፕ ነው፣ ማለትም በኖዱ በኩል ለሚያልፍ ፓኬት ከተዘረዘሩት ሩሎች አንዱም ካልገጠመው ጣለው ይላል። ድሮ ፋይሉ የሚጫነው ሌጋሲ ውስጥ ነበር፣ የፖዶቹን ኔትወርክ የሚያገናኘው ፕለጊንም ኮንቴይነሩ ውስጥ ይዞት የሚመጣው አይፒቴብልስ ሌጋሲ ስለሆነ እዛው ደብተር ላይ ለፖዶች አክሴፕት (ይለፍ) የሚል ሩል ይጨምርበት ነበር፣ ድሮፑ ጋ ሳይደረስ ፓኬቱ ያልፋል፣ ሰላም። አሁን ፋይልህ በአዲሱ ሰውዬ በኩል ኤንኤፍቴብልስ ውስጥ ገባ፣ ፕለጊኑ ግን ኮንቴይነሩ አልተቀየረምና አሁንም ሌጋሲው ላይ ነው የሚጽፈው። ፓኬቱ ሁለቱንም ማለፍ አለበት። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ አንዱ ጋ አክሴፕት መባል ነገሩን አይጨርሰውም፣ ፓኬቱ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ ድሮፕ ግን የትም ይባል የት የመጨረሻ ነው። ግቢው ሁለት ዘበኛ አለው እንበል፣ አንዱ ግባ ቢልህም ሌላው አትገባም ካለህ ውጪ ነህ፣ ማን ቀድሞ እንዳየህ ለውጥ የለውም።

ኖዱ ለምን ሬዲ ይላል? ኩብሌት (ኖዱ ላይ ያለው የኩበርኔቲስ ወኪል) ከኤፒአይ ሰርቨሩ (ከክላስተሩ ማዕከል) ጋር የሚያወራው ከኖዱ ራሱ በሚወጣና በሚገባ ትራፊክ ነው፣ እሱ ፎርዋርድ ቼይንን አይነካም። የፖድ ትራፊክ ግን በኖዱ በኩል የሚያልፍ ነው፣ ፎርዋርድ ውስጥ ይገባል። ገብተህ ስትሞክር ሁሉም የሰራልህም በዚሁ ምክንያት ነው። ፍላሹም ያልሰራው ፍላሽ ሩሎችን እንጂ ፖሊሲን ስለማያጠፋ ነው፣ እንዲያውም ፖሊሲው ድሮፕ በሆነ ቼይን ላይ ፍላሽ ማድረግ ጭራሽ ያጠብቀዋል፣ ኢንፑት (ወደ ኖዱ ራሱ የሚገባው ትራፊክ ቼይን) ላይ አድርገኸው ቢሆን ኖሮ ራስህን ውጪ ዘግተህ ቁልፉን ውስጥ መተው ነበር።

እኔን አትመነኝ፣ በዓይንህ እየው። መጀመሪያ አይፒቴብልስን ቨርዥንህ ስንት ነው በለው፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ቅንፍ ውስጥ ሌጋሲ ወይም ኤንኤፍ ቴብልስ ብሎ ይጽፍልሃል። ኖዱ ላይ ጠይቀው፣ ከዛ የኔትወርክ ፕለጊኑ ፖድ ውስጥ ገብተህ እሱንም ጠይቀው፣ መልሳቸው ካልተመሳሰለ በቃ አግኝተኸዋል። ቀጥለህ የፎርዋርድ ቼይኑን ከነቆጣሪው አውጣው፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ፖሊሲ ድሮፕ ይልና የፓኬት ብዛት ያስቀምጣል፣ በሌላ መስኮት ከአንድ ፖድ ውስጥ ሆነህ አስር ጊዜ ዲኤንኤስ ጠይቅ፣ ተመልሰህ ስታይ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፓኬትህ የሚሞተው እዛ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ የሌጋሲውን ደብተር ስታይ በዳሽ ኤል አትዘርዝረው፣ ዝም ብሎ መዘርዘሩ ብቻ የሌጋሲውን ሞጁሎች (ከርነሉ ላይ የሚጫኑ ተጨማሪ ክፍሎች) ጭኖ ባዶ ቴብል ይፈጥራል፣ ከዛ ባልነበረ ነገር ስትደናበር ትውላለህ። የሌጋሲውን ሴቭ ኮማንድ ተጠቀም፣ እሱ ቀድሞ ያለውን ብቻ ነው የሚያወጣው።

መፍትሄው ሁሉም በአንድ ደብተር እንዲጽፍ ማድረግ ነው። የኔ ምርጫ ወደፊት መሄድ ነው፣ የፕለጊኑን ኢሜጅ አዲሱን በሚያውቅ ቨርዥን ቀይረው። ፕለጊኑ ካሊኮ የሚባለው ከሆነ የአይፒቴብልስ ባክኤንድ የሚባል ሴቲንግ አለው፣ ሌጋሲ፣ ኤንኤፍቲ (ኤንኤፍቴብልስ) ወይም አውቶ ይላል፣ ቨርዥኑ የቆየ ከሆነ አውቶ ላይ አትተማመን፣ በግልጽ ንገረው። ለኩብ ፕሮክሲ፣ ማለትም ወደ ሰርቪስ (ለፖዶች ስብስብ የሚሰጥ አንድ የጋራ አድራሻ) የመጣውን ትራፊክ ወደ ፖዶቹ ለሚመራው፣ ብዙም አታስብ፣ ኩብሌት በኖዱ አይፒቴብልስ ማንግል ቴብል ውስጥ ምልክት የምትሆን ባዶ ቼይን ይፈጥራል፣ የኩብ ፕሮክሲ ኢሜጅ ሲነሳ እሷን የት እንዳገኛት አይቶ ይከተላል። አሁን ጊዜ የለኝም፣ ሰዎች እየደወሉብኝ ነው ካልክ ደግሞ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ በአልተርኔቲቭስ ኮማንድ ኖዱን ወደ ሌጋሲ መመለስ ትችላለህ፣ ሬድሃት 8 እና ከዛ በላይ ላይ ግን ይሄ በር ዝግ ነው፣ ሌጋሲውን አያቀርቡም። በየትኛውም ብትሄድ በመጨረሻ ኖዱን ሪቡት አድርገው፣ የድሮው ደብተር ውስጥ የቀሩ ሩሎች ራሳቸው አይጠፉም፣ በእጅ እየለቀሙ ማጽዳት ደግሞ አንዷን ረስቶ ሌላ ቅዳሜ ማቃጠል ነው።

የኖዱና የኮንቴይነሩ አይፒቴብልስ አንድ አይነት ቢሆኑ እንኳ የቨርዥን ቁጥራቸው ሲራራቅ ጣጣ አለ። በ2022 የሆነውን ልንገርህ፣ ኖዱ ላይ አይፒቴብልስ 1.8.8 አለ፣ የኩብ ፕሮክሲ ኮንቴይነር ውስጥ 1.8.7፣ ሁለቱም የኤንኤፍቴብልሱ አይነት። ኩብሌት ያኔ እንዲህ የሚል ሩል ይጽፍ ነበር፣ ይሄ ማርክ (ምልክት) ያለበትን ፓኬት ድሮፕ አድርግ። 1.8.8 የማርኩን ቅድመ ሁኔታ በአዲስ አይነት አጻጻፍ አስቀመጠው፣ 1.8.7 ሲያነበው ያ ክፍል አልገባውም፣ መልሶ ሲጽፈው ቅድመ ሁኔታው ወልቆ ድሮፕ አድርግ የሚለው ብቻ ቀረ። ድሮፕ አድርግ፣ ምኑን? ሁሉንም። ኖዱ እንዳለ ጸጥ። ይሄን ነገር ካየሁ ወዲህ የኖዱ አይፒቴብልስ ስንት ነው ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውስ ስንት ነው ብዬ ሳልጠይቅ አፕግሬድ አልጀምርም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኛ ጋ አፕግሬዱ ራሱ በሰላም አልፏል፣ ችግሩ ከዛ በኋላ የኖዱን ፋየርዎል ሰርቪስ ሪስታርት ባደረግን ቁጥር ነው። ክላስተሩ ለግማሽ ደቂቃ ምናምን ድርግም ይልና ይመለሳል፣ ሁሉም ግን አይመለስም፣ ሆስት ፖርት (የኖዱን የራሱን ፖርት) የሚጠቀሙ ሁለት ፖዶች አሉን፣ እነሱ እስኪጠፉና እንደገና እስኪፈጠሩ ድረስ አይነሱም። ድሮ ይሄ አልነበረም። (ስሜን ዝለለው)

መልስ፦ ድሮማ የኩበርኔቲስ ሩሎች ሌጋሲ ውስጥ ስለነበሩ ኤንኤፍቴብልስን የሚነካ ሰርቪስ አያገኛቸውም ነበር፣ አሁን እዛው ቤት ገብተዋል። የኤንኤፍቴብልስ ሰርቪስ የሚያነበውን የኮንፊግ ፋይል ክፈቺው፣ ዴቢያን ላይ ከሆንሽ ከላይ አካባቢ ፍላሽ ሩልሴት የሚል መስመር ታገኛለሽ። ይሄ መስመር የኔን ሩሎች አጥፋ አይደለም የሚለው፣ በኤንኤፍቴብልስ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፋ ነው የሚለው፣ የማንም ይሁን የማን። ኩብ ፕሮክሲ የጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠረጋል።

ለምን ይመለሳል ካልሽ፣ ኩብ ፕሮክሲ ካናሪ የምትባል አንዲት ባዶ ቼይን አስቀምጦ አለች ወይ እያለ ያያታል፣ ከጠፋች ሰው ጠርጎታል ማለት ነው ብሎ ሁሉንም እንደገና ይጽፋል፣ የሲንክ ጊዜው ካልተነካ 30 ሰከንድ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ ያልሽው እሷ ናት። የሆስት ፖርት ሩሎችን ግን የሚጽፈው የኔትወርክ ፕለጊኑ ነው፣ የሚጽፈውም ፖዱ ሲፈጠር አንዴ ነው፣ ዞሮ የሚያይ ጠባቂ የለውም፣ ስለዚህ ከጠፉ ጠፉ ነው።

ያንን መስመር አውጪውና በምትኩ የራስሽን ቴብል ብቻ ስም ጠርተሽ አጥፊ፣ ቀጥለሽ እንደገና ፍጠሪው። ቴብሉ የሌለ ከሆነ ማጥፋቱ ኤረር ስለሚያወጣ መጀመሪያ ባዶውን ፍጠሪ፣ ከዛ አጥፊ፣ ከዛ ከነሩሉ ፍጠሪ፣ ሞኝ ይመስላል ግን ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ፋየርዎልዲ የሚባለውን የፋየርዎል ማስተዳደሪያ የምትጠቀሙ አንባቢዎች ደግሞ እሱ የራሱ ቴብል ስላለው የሌላውን አይጠርግም፣ ግን ከላይ ያልኩት የሁለት ዘበኛ ነገር እሱንም ይመለከታል፣ በአይፒቴብልስ አክሴፕት ብላችሁ ፋየርዎልዲ ሪጀክት ካለ የሚሰማው ሪጀክቱ ነው።

ጥያቄ፦ ኩብ ፕሮክሲ ሎግ ላይ ናት (NAT፣ የፓኬት አድራሻ የሚቀየርበት) የሚባለው ቴብል የለም፣ ኢንስሞድ (ሞጁል መጫን) ማድረግ ያስፈልግሃል ወይ፣ ምናልባት አይፒቴብልስ ወይም ከርነልህ አፕግሬድ መደረግ አለበት ይላል። ከርነሉን አሁን አፕግሬድ አደረግኩት እኮ!! (በግኜ አለሁ)

መልስ፦ ሃሃ፣ ያ መልዕክት ስንቱን አበግኗል። መጀመሪያ መልዕክቱ ላይ ከቨርዥኑ አጠገብ ያለውን ቅንፍ አንብብ። ሌጋሲ ካለ፣ አዳዲስ ከርነሎች ላይ የሌጋሲው ቴብሎች ለብቻቸው የሚመረጡ ሆነዋል፣ ከርነሉን ያዘጋጀልህ አካል ሳይመርጣቸው ከቀረ ምንም ብታደርግ የሉም፣ እንግዲህ ወደ አዲሱ መሄድ ነው። ኤንኤፍ ቴብልስ ካለ ግን ሞጁል ፍለጋ ግባ። ኮንቴይነር የራሱ ከርነል የለውም፣ ሞጁሉን የሚፈልገው ከኖዱ ነው፣ ኖዱ ደግሞ አሁን ለሚሰራው ከርነል የሚሆን የሞጁል ፎልደር ላይኖረው ይችላል። እንዴት? አፕግሬዱ አዲሱን አስገባ፣ ማጽጃው የድሮውን ሰረዘ፣ አንተ ግን ገና ሪቡት አላደረግክም፣ የሚሰራው ድሮው ነው ሞጁሎቹ ግን ተሰርዘዋል። የሚሰራውን የከርነል ቁጥር ከፎልደሩ ስም ጋር አስተያየው፣ አስር ሰከንድ አይፈጅም። ቁጥሩ ከገጠመ ደግሞ ዲስትሮህ ቀለል ላለው ከርነል ሞጁሎቹን ከፍሎ በሌላ ኤክስትራ ፓኬጅ አስቀምጧቸው እንደሆነ እይ።

ስትፈልግ አንድ ሞጁል ብቻ መጉደሉ ሁሉንም እንደሚጥል አትርሳ። ኩብ ፕሮክሲ ሩሎቹን አንድ በአንድ አይደለም የሚያስገባው፣ በሪስቶር በጥቅል ነው፣ በጥቅሉ ውስጥ አንዷ ተቀባይነት ካጣች የዛ ቴብል ጥቅል በሙሉ ይወድቃል። ለምሳሌ ሶስት ፖድ ላለው ሰርቪስ ትራፊኩን የሚያከፋፍለው በስታቲስቲክ ሞጁል ነው፣ የመጀመሪያው ፖድ በ0.333 እድል ይመረጣል፣ ካልሆነ ሁለተኛው በ0.5፣ የተረፈው ለሶስተኛው። ይቺ ሞጁል ከሌለች አንድ ፖድ ብቻ ያለው ሰርቪስ እንኳ አይሰራም፣ አብሮ ነው የሚወድቀው።

ብሪጅ ኔትፊልተር የምትባለውን፣ በብሪጅ (ፖዶቹን እዛው ኖድ ላይ በሚያገናኘው) የሚያልፈውን ትራፊክ ለአይፒቴብልስ የምታሳየውን ሞጁልም እያት፣ እሷ ስትጠፋ ሎግ ላይ ምንም የለም። ምልክቷ ደግሞ ግራ ያጋባል፣ በሰርቪስ በኩል ሌላ ኖድ ላይ ያለ ፖድ ይመልሳል፣ እዛው ኖድ ላይ ያለው ግን አይመልስም፣ ምክንያቱም መልሱ በብሪጁ አቋርጦ ቀጥታ ይመጣና ጠያቂው ከማያውቀው አድራሻ ስለሆነ ይጥለዋል። ሪቡት ሲደረግ ራሷ እንድትጫን የሞጁል ሎድ ፎልደር ውስጥ ስሟን ጻፍ፣ በእጅ ጭነሃት ከነበረ ከሪቡት በኋላ የለችም።

ጥያቄ፦ እንደ ቡድን የምንነጋገርበት ጉዳይ ነው፣ ይሄ ሁሉ መከራ ከሚሆን ኩብ ፕሮክሲን ራሱን ወደ ኤንኤፍቴብልስ ሞድ ብናዞረውስ? አሁን የምንሰራው በአይፒቴብልስ ሞድ ነው፣ ሰርቪሶቻችን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። (የመሰረተ ልማት ቡድን ኃላፊ)

መልስ፦ በሺዎች ካሉዎት ሃሳቡ ጥሩ ነው። በአይፒቴብልስ ሞድ ፓኬቱ ሰርቪሱን እስኪያገኝ ድረስ ሩሎቹን ተራ በተራ ነው የሚያልፈው፣ ሰርቪስ ሲበዛ ሰልፉ ይረዝማል፣ ኤንኤፍቴብልስ ግን ማፕ ስላለው አድራሻውን ቀጥታ ይፈልገዋል። ሞዱ በኩበርኔቲስ 1.29 ለሙከራ ገባ፣ 1.31 ላይ ቤታ ሆነ፣ 1.33 ላይ ጸና፣ ዲፎልቱ ግን አሁንም አይፒቴብልስ ነው። ከርነል 5.13 ወይም ከዛ በላይ ይፈልጋል። ወደ አይፒቪኤስ (ሌላው የኩብ ፕሮክሲ ሞድ) ልሂድ ብለው ከነበረ ይተዉት፣ ከ1.35 ጀምሮ ሊወገድ ነው ተብሏል።

ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። ኖድ ፖርትን (ሰርቪስ በኖዱ ላይ የሚከፈትበትን ፖርት) በሎካል ሆስት የሚጠራ ነገር ካለዎት አዲሱ ሞድ ላይ አይሰራም፣ ዲፎልቱ የኖዱን ዋና አድራሻ ብቻ ነው የሚቀበለው። የቡድኑ ልጆች የኩብ ቼይኖችን በስም እየፈለጉ የሚያነቡ ስክሪፕቶች ጽፈው ከሆነም ባዶ ይመልሱላቸዋል። ከዚህ በተረፈ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፣ ከከርነል አፕግሬዱ ጋር በአንድ ማታ አያድርጉት። አንድ ኖድ ይዝጉ፣ ፖዶቹን ያውጡ፣ ከርነሉን ብቻ ይቀይሩ፣ የፖድ ለፖድና የዲኤንኤስ ሙከራ ያድርጉ፣ ሳምንት ያቆዩት፣ ሞዱን ከዛ በኋላ። ሁለቱን አንድ ላይ የቀየረ ሰው ሲበላሽበት የቱ እንደሆነ አያውቅም፣ እኔም ከዚህ ሆኜ አላውቅለትም።

ጥያቄ፦ አጭር ነች። አፕግሬድ ካደረግኩ በኋላ የሰርቪስ አይፒን ፒንግ ሳደርግ አይመልስም፣ ፋየርዎል ነው?

መልስ፦ ከአፕግሬዱ በፊት ሞክረኸው ታውቃለህ? በአይፒቴብልስ ሞድ የሰርቪስ አይፒ የትም ማሽን ላይ የለም፣ ሩል ውስጥ ብቻ ያለ ቁጥር ነው፣ ሩሉም የሚያውቀው የሰርቪሱን ፖርት እንጂ ፒንግን አይደለም። በከርል ኮማንድ ፖርቱን ጠይቀው፣ ከመለሰ ደህና ነህ።